በስጦታ ሳይሆን በእርማት እንዲሆንልኝ

ቀን፦ ግንቦት 14

ለመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በመዝገብ ቁጥር 2/417 በስሜ የተመዘገበው ቤት የእኔ አለመሆኑን ስለማሳወቅ፣ ስሜ ተሰርዞም የእኅቴ ስም እንዲገባበት ስለመጠየቅ (ለሦስተኛ ጊዜ የቀረበ)

ክቡር ሆይ፣

እንዲህ ያለ ማመልከቻ «ከሁሉ አስቀድሜ» ብሎ እንደሚጀምር አላጣሁትም። ሆኖም በሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግሎቴ ከዚያ ሐረግ በኋላ ያለውን አንብቤ የጨረስኩበት ቀን ትዝ ስለማይለኝ፣ እርስዎንም ተመሳሳይ ፈተና ውስጥ ላለመክተት በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከራሴ ልጀምር።

1. እኔ አመልካች የስድሳ ስድስት ዓመት ጡረተኛ ስሆን፣ የዚሁ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። እርስዎ ወደዚህ የተዛወሩት እኔ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ በአካል አያውቁኝም፤ ነገር ግን በኮሪደሩ የቆዩ ሠራተኞችን «ጋሼ ይጎድላል ማን ነበሩ?» ብለው ቢጠይቁ ይስቁና ይነግሩዎታል። ቅጽል ስሙን ያወጡልኝ ባለጉዳዮች ናቸው። ሰው ፋይሉን ታቅፎ መስኮቴ ጋ ሲደርስ፣ ቀና ብዬ ሳላየው «ይጎድላል» እለው ስለነበር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥም ይጎድል ነበር። ሳይጎድል ሲቀር ደግሞ እስኪጎድል እፈልግ ነበር።

2. በዚህ ላይ የራሴ የሆነ አሠራር ነበረኝ። የሚጎድለውን ሁሉ በአንድ ቀን አልናገርም። መጀመሪያ ፎቶግራፍ ይጎድላል፤ ፎቶው ሲመጣ ከጀርባው ስም ይጎድላል፤ ስሙ ሲጻፍ የጎረቤት ምስክር ይጎድላል፤ ጎረቤቱ ሲመጣ የጎረቤቱ መታወቂያ ይጎድላል። ለአዲስ ሠራተኞችም «ለባለጉዳይ ሁሉንም በአንዴ ከነገራችሁት ይከራከራችኋል፣ አንድ በአንድ ከነገራችሁት ግን ያመሰግናችኋል» እያልኩ አስተምር ነበር። ጥሩ አስተማሪ እንደነበርኩ ባለፉት አራት ወራት በራሴ ላይ አረጋግጫለሁ።

3. ወደ ቤቱ ልመለስ። እናታችን ስትሞት እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እኅቴ ደግሞ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። የቀረልን ባዶ ቦታና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነው። እኅቴ በዚያ መኪና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች መጀመሪያ ሁለት ክፍል ሠራች። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ «ይኼ ልጅ መኪናው እየጮኸበት እንዴት ያጠናል?» ብላ ሦስተኛ ክፍል ጨመረች። ብሎኬቱን ራሷ ቆጥራ ተረክባለች፤ ቆርቆሮውን የመታው አናጢ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ጠርታችሁ ብትጠይቁት ደስ ይለዋል፣ ወሬ ይወዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለትዳር የጠየቋት ሰዎች ነበሩ። መልሷ «እሱ መጀመሪያ ይጨርስ» ነበር። እኔ ጨረስኩ፤ ጠያቂዎቹ ግን ጠብቀው አልተገኙም።

4. እኔም የተማርኩት ትምህርት ፍሬ አፍርቶ በዚሁ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። በተቀጠርኩ በዓመቱ ነባር ይዞታዎች ሁሉ እንዲመዘገቡ ዘመቻ ታወጀ። ወሩ ትምህርት ሊከፈት የተቃረበበት ስለነበር እኅቴ ከመኪናው ቀና የምትልበት ጊዜ አልነበራትም። የብሎኬቱንና የቆርቆሮውን ደረሰኞች በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና «አንተ እዚያው ስላለህ ጨርስልኝ» አለችኝ። ቅጹን የሞላሁት እኔ፣ መዝጋቢው እኔ፣ መዝገቡ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በመዝገብ ቁጥር 2/417፣ የባለይዞታ ስም በሚለው መስመር ላይ የሰፈረውም የእኔ ስም ነው።

5. ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ስታርፍ አንድ ሻንጣ ይዤ ወደ እኅቴ ቤት ተመለስኩ። ያቺን ሦስተኛ ክፍል ጠርጋ ሰጠችኝ። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት በወረቀት እሷ የእኔ ጥገኛ ስትሆን፣ በእውነቱ ግን እኔ የእሷ ጥገኛ ነኝ። ሕጋዊው ባለይዞታ ጫማውን በር ላይ ባለማውለቁና መብራት ባለማጥፋቱ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከእኅቱ ተግሣጽ ይደርሰዋል። አንድም ቀን ካርታ አውጥቼ አልተከራከርኩም።

6. ዘንድሮ ሐኪሜ ልቤን መርምሮ ለሐምሌ 3 ቀዶ ሕክምና ቀጠረኝ። «አይስጉ፣ ብዙ ሰው ይድናል» አለኝ። እኔም የመዝገብ ሰው ስለሆንኩ ብዙ ማለት ሁሉም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያው ሰሞን ሊጠይቀኝ የመጣው የልጄ ባል ግቢያችንን በሜትር ሲለካ አገኘሁት። «ለጠቅላላ ዕውቀት ነው» አለኝ። እኔ ከሞትኩ ቤቱ በሕግ የልጄ ነው፤ ልጄ ልበ ገር ናት፤ ባሏ ደግሞ እንዳየነው ዕውቀት ይወዳል። የሰባ ሰባት ዓመቷ እኅቴ ራሷ ከሠራችው ቤት መኪናዋን ተሸክማ ልትወጣ የምትችለው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ልቤ አይደለም።

7. ስለዚህ የዛሬ አራት ወር ወደ መስኮት አራት ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠችው ራሴ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሥታ «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው?» አለችኝ። ፋይሌን ተቀበለች፣ አገላብጣ አየች፣ ከዚያም በፍጹም አክብሮት «ጋሼ፣ ፎቶግራፍ ይጎድላል» አለችኝ። ይዤ ስመለስ ከፎቶው ጀርባ ስም ጎደለ። በአጠቃላይ ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በስድስተኛው ቀን «ልጄ፣ ለምን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትነግሪኝም?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እንዳይጨናነቁ ብዬ ነው ጋሼ» አለችኝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አመስግኛት ወጣሁ፤ ቀደም ሲል ያልኩት ደንብ በትክክል እንደሚሠራ ማስታወሻ ይያዝልኝ።

8. የመጀመሪያ ማመልከቻዬን በተመለከተ፦ የእርማት ቅጹ «የስህተቱ ዓይነት» በሚለው ሥር ሦስት ሳጥን ብቻ አለው፤ የፊደል ግድፈት፣ የልኬት ስህተት፣ የቁጥር መዛባት። እኔ የፊደል ግድፈት በሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። የእርማት ኮሚቴው «የትኛው ፊደል?» ብሎ መለሰው። ጥያቄው ትክክል ነው። ግድፈቱ ከእኅቴ ስም የመጀመሪያ ፊደል ተነሥቶ የመጨረሻው ላይ የሚያበቃ ሲሆን፣ በቦታው የገባው ደግሞ የእኔ ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነው። እንዲህ ያለ ግድፈት በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አጋጥሞ አያውቅም።

9. በሁለተኛው ማመልከቻዬ «በወቅቱ ቅጹ ለባለይዞታ የተወው አንድ መስመር ብቻ ስለነበር ሁለት ስም ማስገባት አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴው ይህንን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ አሳለፈው። በሚቀጥለው ደረጃ ላይ ግን የእርማት መመሪያው ሁለት አንቀጾች ጠበቁኝ። አንቀጽ 11፦ የባለይዞታ ስም እንዲታረም መዝጋቢው ሠራተኛ ቀርቦ ይመሰክራል። አንቀጽ 12፦ ማንኛውም ሠራተኛ የራሱ ጥቅም ባለበት ጉዳይ መመስከር አይችልም። መዝጋቢው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ መመስከር አለብኝ። ባለጉዳዩም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ መመስከር አልችልም። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል ነበር፤ እዚህ ግን የነበረው እንዳያወራ ተከልክሏል። «ይኼን መመሪያ ያረቀቀው የትኛው ደንቆሮ ነው?» ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ ያቺ ልጅ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ዞር አደረገችልኝ። አርቃቂው በሚለው ሥር ያለውን ፊርማ ወዲያው አወቅሁት። በነጭ ወረቀት ላይ ጥሩ አድርጌ ነበር የፈረምኩት። ኮሚቴው በዘጠና ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል የሚለውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስልሳ ይበቃል ሲሉኝ «ለክፉም ለደጉም» ብዬ ሠላሳ ጨመርኩበት። ከዛሬ እስከ ቀዶ ሕክምናዬ ያለው አርባ ዘጠኝ ቀን ነው።

10. ልጅቷ አዝናልኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መንገድ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ለምን በስጦታ አያስተላልፉላቸውም? በአንድ ሳምንት ያልቃል እኮ። ማንም አይጠይቅዎትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የስጦታውን ቅጽ ተቀብዬ ቤቴ፣ ይቅርታ፣ እኅቴ ቤት ሄጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «እኔ ሰጪ፣ ለእኅቴ ባለኝ ፍቅርና ውለታ ምክንያት፣ የግል ይዞታዬ የሆነውን ቤት በነፃ ሰጥቻታለሁ» ይላል። ከታች ደግሞ «እኔ ተቀባይ ስጦታውን በምስጋና ተቀብያለሁ» ብላ እሷ ትፈርማለች። እኅቴን አውቃታለሁ፤ ስጦታ ነው ብላት አልቅሳ ትስመኛለች። ለጎረቤት ሁሉ «ወንድሜ ቤት ሰጠኝ» ትላለች። እኔ በብዙ ነገር ዓይኔን በጨው የታጠብኩ ሰው ነኝ፣ ይህንን ግን አልቻልኩም። ቅጹን ሳልሞላ መልሻለሁ።

11. እዚህ ላይ እስካሁን በጻፍኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች ውስጥ የሌለውን እጽፋለሁ። የቅጹ መስመር አንድ ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ መስመር ለአንድ ስም ይበቃል፣ መግባት የነበረበትም አንድ ስም ነበር፣ የእሷ። በዚያን ሰሞን አንዲት ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን «ቤት አለው ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቹም እኔን ጠየቁኝ፤ እኔም አለኝ አልኩ። «ወረቀቱን እንየው» አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ የእኅቴ ቅጽ ነበር፣ ብዕሩም በእጄ ነበር። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። አማቴ ካርታውን ወደ መስኮቱ አዙረው ማኅተሙን አዩና «ልጁ ሰው ነው» አሉ። በሦስተኛው ወር ተጋባን፤ ቤቱን «እኅቴ ትኑርበት» ብዬ እኛ ተከራይተን ኖርን።

12. ሠርጉ ካለፈ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ሚስቴ ምን ትላለች አልኩ፤ ልጄ ከተወለደች በኋላ አማቴ ይሰማሉ አልኩ፤ አማቴ ካረፉ በኋላ ደግሞ ኃላፊ ሆኜ ነበርና ሠራተኞቼ ምን ይሉኛል አልኩ። ለራሴም አንድ በአንድ ነበር የምነግረው። ለእኅቴ «ወረቀቱ ወጥቷል፣ ለጥንቃቄ መሥሪያ ቤት ካዝና ውስጥ አኑሬዋለሁ» አልኳት። «አንተ ካለህ እኔ ምን ጨነቀኝ» አለችኝ። ይህንን ከተናገረች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ቀን አሳየኝ ብላ አታውቅም። አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ። ሌላ ቃል ብፈልግም አላገኘሁም።

13. ስለሆነም ለግል ጉዳዬ ብቻ ሳይሆን ለጽሕፈት ቤቱ አገልግሎት መሻሻልም ይጠቅማል ብዬ፣ በሁለቱም የመስኮቱ ጎን የቆመ ሰው እንደመሆኔ፣ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ፦

ሀ. የሚያስፈልጉ ማስረጃዎች በሙሉ በትልልቅ ፊደል ተጽፈው በር ላይ ይለጠፉ። ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሰሌዳ ተሠርቶ ነበር። ከመዝገብ ክፍል ቁምሳጥን ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ቢፈለግ ይገኛል። እዚያ የከተትኩት እኔ ነኝ።

ለ. በአዳራሹ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን እንዲያዩ ሆነው በብሎን ታስረዋል። ባለጉዳይ ፊት ለፊት ሲያየን ሥራ ያስፈታናል ብዬ ያሳሰርኳቸው እኔ ስሆን፣ በስምንቱ ቀን ያንን ግድግዳ በደንብ አጥንቼዋለሁ። በስተግራ ከጣሪያው ሥር ስንጥቅ አለ፤ ወንበሮቹን ስታዞሩ እግረ መንገዳችሁን አስጠግኑት።

ሐ. በእርማት ቅጹ ላይ «የስህተቱ ዓይነት» ከሚለው ሥር አራተኛ ሳጥን ይጨመር፤ «ሆን ተብሎ» የሚል። ብዙ ሰው ይሞላዋል ማለቴ አይደለም። የሚፈልግ አንድ ሰው ግን አውቃለሁ።

መ. አንቀጽ 12 ሠራተኛ ለራሱ ጥቅም እንዳይመሰክር የሚከለክል እንጂ በራሱ ላይ እንዳይመሰክር የሚከለክል አለመሆኑን የሚገልጽ ማብራሪያ ይሰጥበት። ሳረቅቀው ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል የሚል ሐሳብ ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር።

14. ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ይህ ጽሑፍ በአንቀጽ 11 መሠረት የመዝጋቢው ሠራተኛ ምስክርነት ሆኖ እንዲያዝልኝ፤ የተያያዙት አሥራ ሰባት ደረሰኞች፣ ሁሉም በእኅቴ ስም የተቆረጡ ናቸውና፣ በማስረጃነት እንዲመዘገቡልኝ፤ የዘጠናው ቀን ገደብም አጥሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ ውሳኔ እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ለሠራሁት ጥፋት በሕግ ሊጠይቀኝ ከፈለገ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ። በተቻለ መጠን ከሐምሌ 3 በፊት ቢሆን ግን ይሻለኛል፤ ከዚያ በኋላ ቀጠሮ አክባሪነቴን ማረጋገጥ አልችልም።

15. እዚህ ድረስ የጻፍኩት ባለፈው ማክሰኞ፣ ግንቦት 14 ነው። የተጠቃሚዋ ፊርማ ስለሚያስፈልግ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ወደዚህ የምመላለሰው ለካርታ እድሳት ነው ብላ ታስብ የነበረችውን እኅቴን አስቀምጬ ከአንድ እስከ አሥራ አራት አነበብኩላት። ስጨርስ «እስቲ እንደገና አንብበው» አለችኝ። እንደገና አነበብኩት። ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ያልተጀመረ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ ግን አልሰፋችም። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አብራኝ አትቀመጥም። ተቆጥታኝ ቢሆን በቀለለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የክፍሌ በር ላይ ቆማ «ይኼን ወረቀት እቤት አልፈርምም» አለችኝ። «እዚያው መሥሪያ ቤትህ እንሄዳለን። መስኮቱ ጋ ቆመህ፣ ሰው እየሰማ፣ ልክ ለእኔ እንዳነበብከው ታነበዋለህ። ከዚያ እፈርማለሁ።» እኔም እንደ ልማዴ መውጫ ፈለግኩ። «እትዬ፣ የኃላፊው ቢሮ ውስጥ ቢሆንስ? ወንበር አለ፣ ጸጥታ አለ፣ አንቺም አትቆሚም» አልኳት። ረጋ ብላ አየችኝና «ወረቀቱን ለሰው አይደል ያሳየኸው?» አለችኝ።

16. ስለዚህ በዚህ ማመልከቻ ላይ የመጨረሻውን ልመናዬን እጨምራለሁ። ቀጠሮ እንዲያዝልን እጠይቃለሁ። ቀኑ ባለጉዳይ የሚበዛበት ቢሆን፣ ሰዓቱም አዳራሹ የሚሞላበት ቢሆን ደስ ይለናል። ተራ ለመጠራት የምትጠቀሙበት ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ከሆነ ከቀኑ በፊት እንዲጠገን በአክብሮት አሳስባለሁ፤ ስፈራ ድምፄ ይሰልላል፣ እኅቴም በግራ ጆሮዋ ጥሩ አትሰማም። ለእሷ አንድ ወንበር እንዲቀርብላት እለምናለሁ። እኔ እቆማለሁ።

በመስኮት አራት ፊት እስክንገናኝ፣ ከሰላምታ ጋር

አመልካች፦ የቀድሞ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ (ፊርማ አለው)

የቤቱ ባለቤት፦ በአዳራሹ፣ ተነቦ ካለቀ በኋላ ትፈርማለች